ያልሰማሁትን የልብ ምት ስጽፍ

አዋላጅ ነኝ። የአካባቢው ሰው ሲስተር ወይንሸት ይለኛል። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩትም። አሁን እንኳ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል፣ ምጥ ላይ ያለች እናት ሆድ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ምንም ሳልሰማ፣ ቀና ብዬ ቅጹ ላይ «140» እያልኩ ስጽፍ ነበር።

ሙያውን ለማያውቅ ላስረዳ። የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ጊዜ ከመታ ደህና ነው እንላለን። በምጥ ሰዓት ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ አዳምጠን፣ ቆጥረን፣ እንጽፋለን። ከወረደና ወርዶ ከቀረ ልጁ እየታፈነ ነው፤ እናትየው ቶሎ ሆስፒታል መድረስ አለባት። 140 ደግሞ መሃል ላይ የተቀመጠ፣ ማንም የማይጠረጥረው ቁጥር ነው። ሁልጊዜ አልዋሸሁም። አንዳንዴ ይሰማኝ ነበር፤ አንዳንዴም አብሮኝ የሚሠራውን ሰዒድን «እስቲ አንተም ስማልኝ» ብዬ የእሱን ቁጥር እጽፍ ነበር። ሰዒድ ከሌለና ካልሰማሁ ግን 140።

ጆሮዬ በአንድ ቀን አልጠፋም። መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ። ከዚያ የስልክ ጥሪ ሄደ። ከዚያ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ አለመስማት ጀመርኩ፤ «ሲስተር ኮራች» ተባለ። የሰው ከንፈር እያየሁ እንደምኖር ለራሴም አይታወቀኝም ነበር። ያወቅኩት በወረርሽኙ ጊዜ ሁሉም አፉን በማስክ ሲሸፍን ነው። አንድ ጠዋት ሥራ ስገባ ዓለም ሁሉ ዝም አለ። ጉንጫቸው ከጨርቁ ሥር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። የዚያን ቀን ዕቃ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ማስኩ ሲወልቅ የዳንኩ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን እየባሰብኝ ሄደ።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማይገባውንም በአንድ ላይ ይሰድባል። ደንቆሮ አዋላጅ ከመባል ሞቴን እመርጥ ነበር። ለአደጋ ያጋለጥኩት ግን የራሴን ሕይወት አልነበረም፤ ያን ያህልም አላሰብኩበትም። ወይም እንዳላስብ እየሮጥኩ ነበር።

በመጨረሻ የያዘችኝ እህቴ ጽጌ ናት። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። በስልክ ሌላ ስትጠይቀኝ ሌላ ስመልስላት ሰለቻትና ለዓመት ፈቃዴ ስሄድ እጄን ይዛ አንድ የጆሮ ክሊኒክ አስገባችኝ። እዚያ ብሌን የምትባል ወጣት ባለሙያ መረመረችኝ። ከዚያ አንዲት ሳጥን ከፍታ ሁለት መሣሪያ አወጣች። እኔ የጠበቅኩት ድሮ አንድ መምህራችን ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረውን ባለሽቦ ሳጥን ነበር። ይኼ ግን ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣል፤ ከእሱ ክር የምታክል ሽቦ ወርዳ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። ማታ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ከስልኬ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል።

«ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለ» አለችኝ ብሌን። «የሰው ንግግር የቱ እንደሆነ፣ ሁካታው የቱ እንደሆነ ይለያል። ንግግሩን አጉልቶ ሁካታውን ያፍነዋል። ካልተመቸዎት ደግሞ እዚህ ድረስ መምጣት የለብዎትም፤ ኔትወርክ ካለ እኔ ከዚህ ሆኜ በስልክዎ በኩል አስተካክልልዎታለሁ።»

«ሸዋ ሮቢት ሆኜ?»

«የትም ይሁኑ።»

ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች «ሥራዎት ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደ ሥራዎት ነው የማስተካክለው።»

ጽጌ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። «ቢሮ ነው የምሠራው» አልኩ። «ጸሐፊ ነኝ።»

ጽጌ አየችኝ፤ ግን አላጋለጠችኝም።

ቅዳሜ መሣሪያዎቹን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እሑድንና ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩ ልንገራችሁ። ሰው መስማት ሲጀምር ደስ ይለዋል የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ግን ሁሉንም አልነገራችሁም። መቀመጥ አቃተኝ። የፌስታል ድምፅ አስደነገጠኝ። የራሴ ነጠላ ጫማ ከኋላዬ ሰው እየተከተለኝ አስመሰለኝ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ሌባ ጣሪያ ላይ የወጣ መስሎኝ ደጅ ወጣሁ። ምግብ ሳኝክ የራሴ መንጋጋ ጮኸብኝ። አወልቃቸዋለሁ፤ መልሼ አደርጋቸዋለሁ። ሥራ ቦታ ፀጉሬን በሻሽ ሸፈንኩ። ስልኬን በየአምስት ደቂቃው እያወጣሁ መሣሪያው መሥራቱን አያለሁ። እንደዚያም ሆኖ ሰኞ ዕለት ሰዎች ከኋላዬ ሲጠሩኝ ዞርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ሲስተር ዛሬ ምን አገኘሽ? እንደ ሰው አቤት ትያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋንም ሰማሁት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ሉባባ የምትባል ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ አማቷ እትዬ መዲና በብብቷ ደግፈዋት ወረዱ። እትዬ መዲና ቀጭን፣ ረጅም፣ አነጋገራቸው ችኩል የሆነ ሴት ናቸው። ሉባባን አስተኛኋት፣ መረመርኳት፤ ምጧ መንገድ ይዟል። ዶፕለሩን አመጣሁ። ዶፕለር ሆድ ላይ ሲደረግ የፅንሱን ልብ ምት በትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። የእኛው ዶፕለር ቁጥር የሚያሳይበት ስክሪን ከተበላሸ ቆይቷል፤ ድምፁን ሰምቶ መቁጠር ግድ ነው።

ቅባቱን ቀብቼ እምብርቷ ሥር አስቀመጥኩት። ሰማሁ። ቶክ ቶክ ቶክ ቶክ፤ ፈረስ በደረቅ መሬት ላይ እንደሚጋልብ። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ጥርት ብሎ ሳይሰማኝ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰዓቴን አይቼ መቁጠር ጀመርኩ። አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት… ድምፁ ራቀ። ራቀና ጠፋ።

ዶፕለሩን ወደ ግራ ገፋሁት። ተመለሰ፤ ቶክ ቶክ ቶክ። አራት አምስት ሰከንድ ያህል ቆየና እንደገና እየደከመ፣ እየደከመ ጠፋ።

«ሲስተር፣ ምነው?» አለች ሉባባ።

«ምንም። ተንቀሳቅሶብኝ ነው» አልኳትና ወደ በሩ ወጥቼ ሰዒድን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ጤና መኮንን ነው፤ በሽተኛ እያየ ነበር፤ ጓንቱን እያወለቀ መጣ። ዶፕለሩን ተቀበለኝና አስቀመጠው።

«ይኸው!» አለ። «ጥርት ብሎ ነው እኮ የሚሰማው። ምን ሆነሽ ነው?» ቆጠረ። «136። ጻፊ።»

እሱ ሲቆጥር እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ለእኔ በስድስተኛው ሰከንድ ጠፍቷል።

ወጣ። እኔ 136 ጽፌ ተቀመጥኩ። መቀመጥም አልቻልኩም፤ ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው እመላለሳለሁ። እትዬ መዲና በዓይናቸው ይከተሉኛል። ግማሽ ሰዓቱ ደረሰ። ዶፕለሩን እንደገና አደረግኩ። እንደገና ጋለበ፣ እንደገና ጠፋ። መሣሪያዎቹን ከጆሮዬ ነቅዬ ሞከርኩ፤ ያኔ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ልቡ አልነበረም የሚቆመው። ጆሮዬ ላይ ያለው ነገር ነው ልቡን እያጠፋው ያለው።

ብዕሩን አነሳሁ። የሚቀጥለው ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ አለ። እጄ የሚጽፈውን ቁጥር ከእኔ በፊት ያውቀዋል። አንዱን ጻፍኩ። አራቱን ጻፍኩ።

«ሲስተር» አሉ እትዬ መዲና። «ልጁ ደህና ነው?»

ይህ ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠይቆ ሳልሰማው እንዳለፈ አላውቅም። አሁን ግን እያንዳንዱ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል። ያልሰማሁ መስዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«አላወቅኩም» አልኳቸው። «ቆይ፣ አሁን አውቃለሁ።»

የጻፍኩትን ሰረዝኩ። ወጥቼ ሰዒድ ክፍል ገባሁ። በሽተኛ አልነበረም። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ።

«ሰዒድ፣ እኔ አልሰማም።»

«ምኑን?»

«ጆሮዬ አይሰማም። ይኼን አድርጌያለሁ።» ሻሼን ገልጬ አሳየሁት። «የፅንሱን ልብ ግን አያሰማኝም። ሂድና ከሉባባ ጋር ሁን። እኔ አንድ ስልክ መደወል አለብኝ።»

ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ፊቴን አየ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ያ ሁሉ ቅጽስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወንበሩን ገፍቶ አጠገቤ አልፎ ሄደ። ሲያልፍ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

ኔትወርክ የሚይዘው ከግቢው በር አጠገብ፣ ኒም ዛፉ ሥር ብቻ ነው። እዚያ ሄጄ ለብሌን ደወልኩ። ድምፅዋ ቀጥታ በሁለቱም ጆሮዬ ገባ።

«ብሌን፣ ውሸቴን ነው የነገርኩሽ። ጸሐፊ አይደለሁም። አዋላጅ ነኝ። አሁን ምጥ ላይ ያለች ሴት አለችኝ፤ የልጇ ልብ ይሰማኝና ይጠፋል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እባክሽ፣ በኋላ ስደቢኝ።»

«አልሰድብዎትም። ይስሙኝ። መሣሪያውን ንግግር እንዲፈልግ አድርጌ ነው ያስተካከልኩት። እየተደጋገመ የሚመጣ፣ ንግግር ያልሆነ ድምፅ ሲሰማ እንደ ቬንትሌተር ሁካታ ነው ብሎ ያፍነዋል። ለእሱ የፅንሱ ልብ ሁካታ ነው። ስልክዎ ላይ ያለውን የመሣሪያውን አፕ ይክፈቱ።»

ከፈትኩ። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትቆማለች። «ግንኙነቱ ተቋረጠ።» እንደገና። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁ። አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ዘበኛው ምን ነካት ብሎ ያየኛል። ከማዋለጃ ክፍሉ የሉባባ ጩኸት ተሰማኝ፤ ምጥ መጣባት። በአራተኛው ሙከራ ተገናኘ።

«አዲስ ፕሮግራም እየጫንኩ ነው» አለች ብሌን። «ማፈኛውን ሁሉ አጠፋሁት፤ ወፍራሙን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። ሁሉም ነገር ይጮህብዎታል። ይችሉታል?»

«እችለዋለሁ።»

በድንገት ዓለም ጆሮዬ ላይ ፈሰሰ። ዋናው መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና፣ የኒሙ ቅጠል፣ የራሴ ትንፋሽ። ራሴን እንደያዝኩ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ።

ሰዒድ ዶፕለሩን ይዞ ነበር። የልጁ ልብ ጋለበ። አስር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ። አልጠፋም።

«ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም ሲስተር» አለ። ሁለት ወረቀት ቀደደና አንዱን ሰጠኝ። «አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቆጥራለን። ጽፈሽ ታሳይኛለሽ።»

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ በሥራዬ እንደ ተማሪ ተፈተንኩ። እትዬ መዲናና ሉባባ እያዩን ቆጠርን። ወረቀቶቻችንን ገለጥን። የእሱ 134፣ የእኔ 133። ሰዒድ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ከውጭ ተጠራ፤ ከባጃጅ የወደቀ ሰው መጥቷል። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ትንሽም ብትጠራጠሪ ጥሪኝ» ብሎኝ ወጣ።

ዶፕለሩን ከሆዷ አላነሳሁትም። ምጥ መጣ፤ ሉባባ የአልጋውን ብረት ጨመቀች። ልቡ መዝገም ጀመረ። ምጡ ለቀቃት፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። ቶክ… ቶክ… ቶክ…። ቆጠርኩ። ወደ ዘጠና ወርዷል። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ተመለሰ። የሚቀጥለውን ምጥ ጠበቅኩ፤ እንደገና ወረደ፣ አሁን ከሰማንያ ሥር።

«ሰዒድ!»

እየሮጠ መጣ፤ አዳመጠ፤ ፊቱ ተለወጠ። በግራ ጎኗ አዞርናት፣ ፈሳሽ ሰቀልንላት፣ አምቡላንሱን አስነሳን። ሹፌሩ ጋሼ ተሾመ ናቸው። እኔ ከኋላ ከሉባባና ከእትዬ መዲና ጋር ገባሁ።

ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ሩቅ አይደለም። የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለ። ኮረኮንቹ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። የደረቀውን ወንዝ ስንሻገር ጎማው አሸዋው ላይ ተንሸራተተ፤ ጋሼ ተሾመ ተሳደቡ፣ ወዲያው እግዜርን ይቅርታ ጠየቁ። በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል ልቡን መስማት አልቻልኩም። ዶፕለሩን አስቀምጬ የሉባባን እጅ ያዝኩ። እትዬ መዲና «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። መሃል ላይ ቆም አሉና ጠየቁኝ።

«ሲስተር፣ ቅድም ያ ወጣት ፈትኖሽ ነበር። ጆሮሽ ታሟል?»

«አዎ እትዬ።»

«እኛን ስትቀበዪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሆስፒታል እስክንደርስ ፊታቸውን ወደ ሉባባ አዙረው «ያ ረቢ» ማለታቸውን ቀጠሉ።

ሉባባን በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እትዬ መዲና ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ። ጋሪ ይንኳኳል፣ ጫማ ይንጫጫል፣ በር ይጮሃል። ብሌን ስልኬ ላይ «እንዴት ሆነ?» ብላ ጽፋለች፤ ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ስንት ጊዜ እንደቆየን አልለካሁም። ከዚያ እትዬ መዲና ብድግ አሉ።

«ሰማሽ?» አሉኝ ክንዴን ይዘው።

ከበሩ ወዲያ፣ ቀጭን፣ የተናደደ ለቅሶ።

«ሰማሁ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሴት ልጅ ነበረች። እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ «ጥሩ ሰዓት ላይ ነው ያመጣችኋት» አለ። እኔን አመሰገነኝ። የዚያን ያህል ያቃጠለኝ ምስጋና የለም።

በማግስቱ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰዒድ ከእኔ በፊት አልተናገረም፤ አንድ ቀን ጠብቆኛል። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ለወራት ክትባት ላይ ተመደብኩ። ከዚያ ብሌን መሣሪያውን ለሥራዬ እንደሚሆን አድርጋ አስተካክላው፣ ተፈትኜ ተመለስኩ። አሁን ሦስት ፕሮግራም አለኝ፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለልብ ምት። ሻሹን ትቼዋለሁ። እናቶች «ሲስተር ዘፈን ትሰሚያለሽ?» ሲሉኝ ምን እንደሆነ አሳያቸዋለሁ። ዛሬም የምጽፈውን የመጀመሪያ ቁጥር ሌላ ባለሙያ ያረጋግጠዋል፤ እኔው ነኝ ያስለመድኩት።

አንባቢዎቼ፣ ስለ መሣሪያው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ድንቅ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ቀወት ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር የቆመችን ሴት ጆሮ ማስተካከል ችሏል። ግን የነገርኩትን ነው የሠራልኝ። ጸሐፊ ነኝ ስለው የጸሐፊ ጆሮ ሰጠኝ። ከመካከላችሁ «እህ?» ማለት ሰልችቶት ዝም ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ካለ፣ በተለይ የሰው ሕይወት በእጁ ያለ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር። ካልነገረ ነገ እኔ እንደሆንኩት ይሆናል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እሱን ሳልጽፍ ብተወው ይኼ ሁሉ ውሸት ይሆናል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መዝገብ ውስጥ ሞቶ የተወለደ አንድ ሕፃን አለ። ቅጹ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ አራት ጊዜ 140 ተጽፏል። ብሰማ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። ኃላፊውም «እንዲህ ብለሽ ራስሽን አትግደዪ» አለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና አንድ ቅዳሜ ተነስቼ እናትየው መንደር ሄድኩ። ስሟን አልጽፍም።

ደጃፏ ላይ ማሾ በሰፌድ እያበጠረች አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላሳምር፣ የሆነውን ነገርኳት። እጇ አልቆመም፤ ገለባውን ታነሳለች፣ ታራግፋለች። ስጨርስ ሰፌዱን ይዛ ተነሳች፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ፣ ሳትዞር፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አሁን ለምን ነገርሽኝ?»

ፊቷን አላየሁትም። ከንፈሯን አላየሁትም። እያንዳንዱን ቃል ግን ሰምቻለሁ።